ለፈረሰ ግድግዳ አሸንዳ

የሕፃን መቃብር ሲሰምጥ ድምፅ የለውም። ሣሩ እንዳረጀ ፍራሽ መሐሉ ጎድጎድ ይላል፣ ዝናቡ እዚያ ይተኛበታል፣ ማንም ልብ አይለውም። በሲያትል፣ ከሌክ ሲቲ አለፍ ብሎ ባለው የመቃብር ቦታ ልብ ያለው የሣር ማጨጃው ጎማ ነው። ጎማው ሲሰምጥበት ነጂው ወረደና አፈሩን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው፤ አልወደደውም። አለቃውን ጠራ፤ አለቃው ፖሊስ ጠራ። ፈቃድ ወጥቶ ሲቆፈር እስከ ታች ድረስ አፈር ብቻ ሆነ። ትንሿ ነጭ ሣጥን የለችም።

መርማሪ መንግሥቴ ካፊያው ውስጥ ባርኔጣውን አውልቆ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመና በልቡ አማተበ። ሃምሳን የዘለለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ሐበሻ ያለበት ጉዳይ ሲመጣ መሥሪያ ቤቱ ለእሱ ይሰጠዋል። ባልደረቦቹ፣ መንግሥቴ ሰው አይመረምርም፣ አጠገቡ ተቀምጦ ዝም ይለውና ሰውየው ዝምታው ሲከብደው ራሱ ይናገራል እያሉ ይቀልዱበታል። ቀልዱ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

ራስጌው ላይ ያለው የነሐስ ሰሌዳ «ሳሌም ኡርጌሳ» ይላል። የተወለደችበትም ያረፈችበትም ቀን በአንድ ሰመር፣ ባለፉት የሙቀት ወራት፣ ውስጥ ነው።

የመቃብሩ አስተዳዳሪ ነገሩን በሌባ ላይ ጣለው። ሰሞኑን ከየመቃብሩ የነሐስ የአበባ ማስቀመጫ እየተነቀለ ይወሰድ ነበር። ብረት የሚሸጥ ሰው ምን አይሸጥም አለ። መንግሥቴ አልተከራከረውም። ሰሌዳውን ግን ዝቅ ብሎ አየው። እሱም ነሐስ ነው፤ ቦታው ላይ ነው፤ እንዲያውም ጭቃው ተጠርጎለታል። የተነሳውን ሣር አየ። በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን እየተቆረጠ ተነሥቶ፣ ተመልሶ፣ ስፌቱ በጣት ተጠቅጥቆ ነበር። ያ ሰው የሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሣጥኑ የያዘውን ቦታ የሚሞላ አፈር ከየትም አላመጣም።

«ሌባ ሣር አይሰፋም» አለ ለራሱ።

በሩ ላይ ያለው ካሜራ እሑድ ሊመሽ ሲል መሰላል የጫነ ነጭ ፒካፕ ሲገባና ሲወጣ ይዞ ነበር። ታርጋውን ዝናቡ ጋርዶታል። በሲያትል መሰላል የጫነ ነጭ ፒካፕ መፈለግ ከዝናብ ውስጥ አንዲት ጠብታ እንደ መለየት ነው።

ወላጆቹ ሊንውድ አፓርታማ ውስጥ ይኖራሉ። እናትየዋ ማህደር ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ አገኛት። ሰውነቷ ገና የአራስ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ግን የሚያለቅስ ሕፃን የለም። ባሏ ኡርጌሳ በዲቪ የመጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ በቤት እድሳት ሥራ የሚያድር ሰው ነው። ጣቶቹ ላይ ፕላስተር ጠምጥሟል። መንግሥቴ ዓይኑ እዚያ ሲያርፍ «ሥራ ነው» አለ፤ ፈገግ ለማለትም ሞከረ።

ማህደር ሰላምታውን ሳታስጨርሰው «ጋሼ፣ አገኛችኋት?» አለች።

«ገና ነን፣ እህቴ።»

«ብርድ ላይ ትሆን?»

ኡርጌሳ ካሜራው ምን እንደሚያሳይ ጠየቀ። በዚህ አገር ሕግ እንዲህ ያለ ነገር ከባድ ወንጀል መሆን አለመሆኑን ጠየቀ። ጎረቤት ይጠየቅ እንደሆነም ጠየቀ። ከዚያ ሻይ አፍልቶ አመጣና መልሶ ወደ ኩሽና ገባ።

ማህደር ያላየችውን ሰው ታሪክ እንደምታወራ ሆና፣ ሳትቆጣ ነገረችው። እሷ ኦርቶዶክስ ናት፣ እሱ ጴንጤ። ሲጋቡ የክርስትናውን ነገር ልጅ ሲመጣ እናየዋለን ተባብለው ነበር።

«ልጅ መጣች» አለች። «እሱ አድጋ ራሷ ትምረጥ አለ። እኔ ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ አባትየው ይለሰልሳል ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ታመመች። ሆስፒታል ሆነን ቄስ ይጠራልኝ አልኩት። ቀኑ ባይደርስም የታመመ ሕፃን ይጠመቃል። እሱ ከቸርቹ ሰዎች ጋር ኮሪደሩ ላይ እየጸለየ ነበር፤ ትድናለች፣ ለምን እንደምትሞት አድርገን እንጠራለን አለኝ። ነገ አለኝ።»

ኩሽና ውስጥ የቧንቧው ውሃ ይወርዳል። ምንም የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም።

«ነጋ» አለች ማህደር።

እሑድ ሊመሽ ሲል የት እንደነበሩ መንግሥቴ በለሆሳስ ጠየቀ። ኡርጌሳ ከኩሽናው ሆኖ እዚሁ ነበርን አለ። ማህደርም አዎ አለች፤ ሐኪም ያዘዘላትን የእንቅልፍ ክኒን ውጣ ተኝታ ነበር፤ ስትነቃ አጠገቧ ነበር፤ ሻወር ወስዶ ጸጉሩ ገና አልደረቀም። መንግሥቴ አመስግኖ ሲወጣ በሩ ላይ ክንዱን ያዘችው።

«ጋሼ፣ ማን እንደወሰዳት ግድ የለኝም። የት እንደተኛች ብቻ ንገሩኝ። ሄጄ አጠገቧ ልቀመጥ።»

እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ሲያጋጥም የሰው ጣት መጀመሪያ የሚቀሰረው ወደ አያትየው ነው። የማህደር አባት አቶ ተክለ ጻድቅ ዴ ሞይን ውስጥ ይኖራሉ፤ ኤርፖርቱ ፓርኪንግ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ለቅሶው ቤት ውስጥ፣ የልጄ ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭ አትቀርም ብለው ሲናገሩ ብዙ ሰው ሰምቷቸዋል። በዚያ ላይ የማኅበራቸው አባል አበጀ ቀለም ቀቢ ነው፤ ነጭ ፒካፕ አለው፤ መሰላልም ይጭናል። የመንግሥቴ አለቃ ይህን ሲሰማ ጉዳዩ ያለቀ መሰለው።

ሽማግሌው መንግሥቴን ከላይ እስከ ታች አዩትና ወንበር አመለከቱት።

«ስለ ልጅቱ ነው የመጣኸው። እኔ ቆፍሬ አወጣኋት ብለህ ነው።»

«እርስዎ ምን ይላሉ፣ አባባ?»

«እኔ ሽንት ቤት ለመግባት ግድግዳ ይዤ ነው የምሄደው። አካፋ ያዝክ ብትለኝ እንኳ ደስ ይለኛል፤ ጉልበቴን አከበርክልኝ።»

መንግሥቴ ፈገግ አለና ዝም አለ። ሽማግሌውም ዝም አሉ። ከእሳቸው ጋር ዝምታ እንደማያዋጣ ገባው፤ ሰውየው በዝምታ ያረጁ ናቸው። በመጨረሻ ግን ራሳቸው ጀመሩ። አዎ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንድትመጣ ቄሱን ለምነዋል። ቄሱ አብረዋቸው አልቅሰው ሥርዓቱን ነግረዋቸዋል፤ ፍትሐት የሚፈታው ለተጠመቀ ነው።

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ወደ ቤቴ መጣሁ። ከሥርዓት ጋር አካፋ ይዘህ አትሟገትም።» ትንሽ ቆዩና ስለ አማቻቸው ተናገሩ። «ኡርጌሳ መልካም ልጅ ነው። አንድ ጥፋት ቢኖርበት መልስ አጥቶ አለማወቁ ነው። ልጁ ከሞተች ወዲህ ግን እኔ ስናገረው አይመልስልኝም። ያ ነው ያስፈራኝ።»

እሑድ ሊመሽ ሲል ሽማግሌው ሰርክ ጸሎት ላይ ነበሩ። መንግሥቴ ሄዶ ሲጠይቅ አንዱ ዲያቆን ሳቁን እየዋጠ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው አንቀላፍተው ነበር፤ ያንቀላፉት ግን እዚሁ ነው አለው። አበጀም ከነፒካፑ ፖርትላንድ የሰው ቤት ሲቀባ ነበር የዋለው፤ ባለቤቶቹ መሰከሩለት። ያለቀ የመሰለው ጉዳይ እንደገና ባዶ ሆነ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የዚህ ነገር ሥር ግን ያልተፈለገበት ቦታ ነበር።

በማግሥቱ ቢሮ ውስጥ ባልደረቦቹ ስለ ወይዘሮ ኖራ ሲሳሳቁ ሰማ። ወይዘሮ ኖራ በልጅነታቸው ከአየርላንድ የመጡ አሮጊት ናቸው። ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ፣ ድሮ የድንጋይ ከሰል ይወጣባቸው በነበሩት ኮረብቶች ላይ፣ የአየርላንድ ማዕድን ቆፋሪዎች የሠሩት አሮጌ ቤተ ክርስቲያንና መቃብር አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ተቃጥሎ ግድግዳው ብቻ ቀርቷል። ያንን ፍርስራሽ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። የመቃብር ድንጋይ ተገፋ፣ ግድግዳው ላይ ተጻፈ እያሉ በየጊዜው ስልክ ይደውላሉ። የአሁኑ ክሳቸው ግን ተወስዶ ሳይሆን ተጨምሮ ነበር፤ አንድ ሰው ጣራ የሌለው ግድግዳ ላይ አዲስ ቆርቆሮና አሸንዳ ገጥሟል።

«የሚሰጥ ሌባ» አለ አንዱ ባልደረባው። «ይምጣና የእኔንም ይግጠምልኝ። ደግሞ ትናንት ኮል አድርገው ክሱን ትቼዋለሁ አሉ።»

ሌላው ሁሉ ሳቀ። መንግሥቴ አልሳቀም። ለዓመታት አንድም ክስ ትተው የማያውቁ ሴት ይህን ለምን ተዉት?

መንገዱ በጥዶች መሐል እየጠበበ ሄዶ አለቀ። መኪናውን ፓርክ አድርጎ በእግሩ ወጣ። የመቃብሩ ድንጋዮች አረንጓዴ ሽበት ለብሰው፣ አንዱ ወደ ሌላው ዘንበል ብሎ፣ ከሠርግ እንደሚመለሱ ሽማግሌዎች ተደጋግፈዋል። ጥቂት የቤተሰብ ስሞች ብቻ እየተመላለሱ ተጽፈውባቸዋል፤ አባት፣ ልጅ፣ ከአንድ ጉድጓድ የወጡ ወንድማማቾች። ከመሐላቸው ቤተ ክርስቲያኑ ቆሟል። ግድግዳው አለ፣ የመስኮቱ ቅስት አለ፣ መሠዊያው የነበረበት ቦታ ላይ ትልቅ ዛፍ በቅሏል። ሰማዩ ነው ጣራው።

በሰሜኑ ግድግዳ አናት ላይ ግን የአንድ ሰው ቁመት ያህል አዲስ ቆርቆሮ ተነጥፏል። ወደ ውጭ ዘንበል ተደርጎ ነው። ከጫፉ አሸንዳ ተገጥሟል፤ አንዱ አፉ ተደፍኗል፣ ሌላው ክፍት ነው። ውሃው በዚያ ክፍት አፍ እየወረደ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። እዚያ መሬቱ ላይ ነጫጭ ጠጠሮች ተደርድረዋል።

ወይዘሮ ኖራ ምርኩዛቸውን ይዘው ከጎኑ ቆመው ነበር። ክሱን ለምን እንደተዉ ጠየቃቸው። መጀመሪያ የደወሉት ከሰው ሰምተው እንደነበር፣ በኋላ መጥተው በዓይናቸው ሲያዩት ግን ነገሩ ክስ እንዳልሆነ እንደገባቸው ነገሩት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ጠጠሮቹ መለሱ። ውሃው ይወርዳል።

«የተወለድሁበት ሰበካ እንዲሁ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ነበረው» አሉ በመጨረሻ። «እነዚህ ቆፋሪዎች ከዚያው ነው የመጡት፤ ይህንንም ያንኑ አስመስለው ነው የሠሩት። ድሮ ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን ከሌላው ጋር አይቀበርም ነበር። ቄስ አይመጣም፣ ደወል አይደወልም። አባትየው ሳጥኑን በክንዱ ይዞ፣ ቀን ሲደነግዝ፣ ብቻውን ይሄዳል። ከሰሜኑ ግድግዳ ውጭ፣ የጣራው ውሃ የሚወርድበት ሥር ይቀብረዋል። የቤተ ክርስቲያን ጣራ ነክቶ የወረደ ውሃ ነው። ቄሱ ከለከለ እንጂ ዝናቡ አልከለከለም ትል ነበር እናቴ። አንድ ወንድሟ እዚያ ነው።»

«ይህን ለማን ነገሩት?»

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን አጥብቀው ያዙ። «የቤቴን አሸንዳ ሊጠርግ የመጣ ሰው ነበር። መሰላሉ ላይ ሆኖ አለቀሰ። መሰላል ላይ የሚያለቅስ ሰው ይወድቃል፤ አውርጄ ሻይ ሰጠሁት። እሱ የራሱን ነገረኝ፤ እኔ የእናቴን ነገርኩት። ሌላ ምን የምሰጠው ነበረኝ?»

«ስሙን?»

«አላውቀውም ብል ታምነኛለህ?»

«አላምንዎትም።»

«እንግዲያው አትጠይቀኝ።»

አልጠየቃቸውም። ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ። ጠርዙ ስለታም ነው፤ ያለ ጓንት የያዘውን ጣት ይቆርጣል። ፕላስተር የተጠመጠመባቸው ጣቶች ትዝ አሉት። ያልደረቀ ጸጉር ትዝ አለው። ከሁሉ በላይ ግን ያልተጠየቀ ጥያቄ ትዝ አለው። ኡርጌሳ ስለ ካሜራው ጠይቋል፣ ስለ ሕጉ ጠይቋል፣ ስለ ጎረቤቱ ጠይቋል። ልጄ የት ናት ብሎ ግን አልጠየቀም። ያን ቀን መስማት የነበረበት ሁሉ በዚያ ክፍተት ውስጥ ነበር፤ መንግሥቴ ለስሙ አዳማጭ ነኝ እያለ ሳይሰማው አልፏል።

ወደ ሊንውድ ሲመለስ ኡርጌሳን የሚሠራበት ድርጅት ግቢ ውስጥ አገኘው። የድርጅቱ ነጭ ፒካፕ ላይ መሰላል እያሰረ ነበር።

«ትናንት ማታ በጣም ዘነበ» አለው መንግሥቴ።

«አዎ» አለ ኡርጌሳ ገመዱን ሳይለቅ።

«ቆርቆሮው ይዞታል። አየሁት። ደህና ሥራ ነው።»

ገመዱ ከእጁ ወጣ። ኡርጌሳ የፒካፑ ጫፍ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። መንግሥቴም አጠገቡ ተቀመጠ። ካፊያው ሁለቱንም አራሳቸው።

«እኔ አላምንበትም፣ ጋሼ» አለ ኡርጌሳ። «ሶ፣ ያመንኩ እንዳይመስልብኝ። አሁንም አላምንበትም። ልጄ ጌታ ጋ ናት፤ ውሃ አያስገባትም፣ አያስወጣትም። ግን ማህደር ሌሊት እየተነሳች ውጭ ቀረች ትላለች። ልጄ ውጭ ቀረች። ነገ ያልኳት እኔ ነኝ። ለሁሉም ጥቅስ አለኝ፤ ለዚያ ቃል ግን አጣሁለት።»

«ለምን አልነገርካትም?»

«ልነግራት ነበር። መጀመሪያ ዝናቡ በደንብ ይውረድባት፣ ከዚያ ወስጄ አሳያታለሁ ብዬ። አባቷ ሲሰሙ፣ የኔ ቸርች ሲሰማ ምን እንደምል እያሰብኩ ሳለ እናንተ መቃብሩን ከፈታችሁ። እሷ የወሰዳትን ሰው እጁ ይድረቅ ብላ ስትረግም ሰማኋት። እጄን ኪሴ ከተትኩ።» ጣቶቹን አየ። «ይመልሷታል አይደል?»

«ይመልሷታል። ሕጉ ነው። አንተም ከእኔ ጋር ትሄዳለህ። የመኖሪያ ወረቀትህ ላይ ምን እንደሚያመጣ አላውቅም፤ አልዋሽህም።»

«እሷስ? ማን ይነግራታል?»

«አንተ። እኔ መኪናውን እነዳለሁ።»

ከሊንውድ እስከ ኮረብታው ድረስ መንግሥቴ መስታወቱን ቀና ብሎ አላየም። ከኋላ ወንበር፣ ከማህደር ጎን፣ የኡርጌሳ ድምፅ እየተቆራረጠ ይሰማል። አንድ ጊዜ ብቻ በእሷ በኩል ያለው መስኮት ተከፈተ፣ ብርድ ገባ፣ ተመልሶ ተዘጋ።

ወይዘሮ ኖራ ከሩቅ አይተዋቸው ወደ ዛፎቹ ዘወር አሉ። ማህደር በመቃብሮቹ መሐል ብቻዋን ሄደች። ሰሜኑ ግድግዳ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየችው፤ አሸንዳውን አየችው፤ ውሃው የሚወርድበትን አየች። ተንበረከከችና መዳፏን መሬቱ ላይ ዘረጋች። ውሃው እጇ ላይ ወረደ። አላነሳችውም። ኡርጌሳ ወደ ኋላ ቀርቶ ቆመ፤ ልብሷ ሲርስ እያየ ጃኬቱን አወለቀ፣ ሊያለብሳት ግን አልደፈረም፤ በእጁ እንደያዘው ቀረ።

መንግሥቴ ፈቀቅ ብሎ ለመሥሪያ ቤቱ ደወለ። የሚባለውን ሁሉ ተናገረ፤ ቦታውን፣ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው። ሲመለስ ሁለቱም ባሉበት ነበሩ። አንዳቸውም አላለቀሱም። መንግሥቴ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በመጨረሻ ከታች ካለው መንገድ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። የካውንቲው ሰዎች አካፋቸውን ይዘው በጭቃው ላይ እየረገጡ ወጡ። ከነሱ አንዱ ቤተሰቡ ወደ ኋላ ዞር እንዲል በትሕትና ጠየቀ።

ማህደር ከተንበረከከችበት ሳትነሣ ወደ ኡርጌሳ ዞረች።

«ካመጣሃት ወዲህ ዝናቡ አቋርጦ ያውቃል?»

«አያውቅም» አለ። «ያው ኅዳር ነው።»

ሌሊት ሌሊት ልጄ ውጭ ቀረች እያለች የቆጠረችውን ቀን ሁሉ በልቧ እንደምታወራርድ ሆና ቆየች።

«እንግዲያው ይበቃታል» አለች።

ተነሥታ ጉልበቷን ጠረገች። ሠራተኛው አካፋውን ሊሰካ ሲል እጇን ዘርግታ አስቆመችው፤ ከዚያ ለመንግሥቴ በአማርኛ ተናገረች።

«ጋሼ፣ እነሱ አይንኳት። ያስገባት እሱ ነው፣ እሱ ያውጣት። እኔ እቀበለዋለሁ።»

እንዲህ አይደረግም። ማስረጃ ነው፤ ተጠርጣሪ ነው፤ መንግሥቴ ለዚህ የተጻፈውን ደንብ በቃሉ ያውቀዋል። ሠራተኞቹ መልሱን እየጠበቁ አዩት። እሱም ትንሽ ቆዩልኝ አላቸው፤ ኃላፊነቱ የኔ ነው አላቸው። አካፋውን ከሰውየው እጅ ተቀብሎ ለኡርጌሳ ሰጠው።

ኡርጌሳ ጃኬቱን ድንጋይ ላይ አኖረና ጠጠሮቹን አንድ በአንድ አነሣ። መቆፈር ጀመረ። ማህደር ከፊቱ ቆማ፣ ሁለት ክንዶቿን ዘርግታ ጠበቀችው።